የመንግሥታት የገንዘብ ድጋፍና የሴቶች እኩልነት፦ በደሴ ሆጤ ለተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የመንግሥታት የገንዘብ ድጋፍ አንድ መንግሥት ከዜጎቹ ግብር የሰበሰበውን ገንዘብ ለተወሰነ ዓላማና ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ አገር ወይም ድርጅት ሳይመለስ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ከብድር የሚለየው ዋናውም ወለዱም ስለማይመለስ ነው። ከምጽዋት የሚለየው ደግሞ እያንዳንዱ ብር ምን እንደሠራ ስለሚጠየቅበት ነው። የሚጀምርበት ቀን እንዳለው ሁሉ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ስለዚህ ለሴቶች እኩልነት የተሰጠ ድጋፍ የሚመዘነው በመጣው ገንዘብ መጠን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲያልቅ በቀበሌው፣ በወረዳውና በከተማው ምን ቀረ የሚለው ጥያቄ ዋናው መመዘኛ ነው። የዚህ ሥልጠና መነሻም ይኸው ጥያቄ ነው።

የሴቶች እኩልነት በኢትዮጵያ ከለጋሾች ጋር የመጣ ሐሳብ ሳይሆን የአገሪቱ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት ሰጥቷል፤ ካለፈው መድልዎ የተነሣ ለደረሰባቸውም በደል ማካካሻ የሚሆን ድጋፍ የማግኘት መብት ደንግጓል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የወጣው የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ጠለፋንና የሴት ልጅ ግርዛትን በግልጽ ወንጀል አድርጓቸዋል። ይሁን እንጂ በሕጉና በኑሮው መካከል ያለው ርቀት ገና ሰፊ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት ነው። ለወንዶች ይኸው መለኪያ ወደ 24 ዓመት ይጠጋል። በ1997ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 74 በመቶው የተገረዙ ነበሩ፤ በ2008ቱ ቁጥሩ ወደ 65 በመቶ ወርዷል። ለውጥ አለ፤ ግን አዝጋሚ ነው። የገንዘብ ድጋፍ ዋና አገልግሎትም ይህን ለውጥ ማፋጠን ነው።

የውጭ መንግሥታት ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በሦስት መንገዶች ሲሆን፣ በገንዘብ ቢሮዎች ዘንድ ቻናል አንድ፣ ቻናል ሁለትና ቻናል ሦስት በሚል ስያሜ ይታወቃሉ። በቻናል አንድ ገንዘቡ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ገብቶ በክልል፣ በዞንና በወረዳ የገንዘብ መዋቅር በኩል ይወርዳል። በቻናል ሁለት ለጋሹ በቀጥታ ለሴክተር መሥሪያ ቤቱ፣ ለምሳሌ ለጤና ወይም ለትምህርት፣ ይሰጣል። በቻናል ሦስት ለጋሹ ሥራውን ራሱ ይሠራል ወይም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ያሠራል። አንድ የወረዳ ሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ወይም የአንድ ማኅበር ሰብሳቢ ይህን ልዩነት ካላወቀ ጥያቄውን የማይመለከተው በር ላይ ይዞ ይቆማል። በመንግሥት ሒሳብ የሚወርደውን ገንዘብ ማኅበሩ አመልክቶ አያገኘውም፤ ለማኅበራት በውድድር የሚቀርበውን ደግሞ ወረዳው አይጠይቀውም።

ለመጀመሪያው መንገድ ደቡብ ወሎ በቅርብ የሚያውቀው ምሳሌ ሴፍቲኔት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በበርካታ ለጋሾችና በኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ገንዘብ ሲካሄድ የቆየው ይህ ፕሮግራም በዋነኛነት የምግብ ዋስትና ሥራ ነው፤ የሴቶች ፕሮጀክት የሚል ስም የለውም። በደንቡ ውስጥ ግን ነፍሰ ጡር ሴቶች ከጉልበት ሥራ ተነሥተው ክፍያቸው ሳይቋረጥ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ፣ የሴቶች የሥራ ጫና ከወንዶች እንዲያንስ፣ በሥራ ቦታም የሕፃናት መዋያ እንዲኖር ተደንግጓል። እዚህ ላይ ጠቃሚ ትምህርት አለ። ለሴቶች ትልቁ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሴቶች የሚል ስም በሌላቸው ትልልቅ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። ደንቡ በወረዳው እንዲፈጸም መከታተል አዲስ ፕሮጀክት ከማምጣት ያልተናነሰ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም የማኅበራቱ መንገድ፣ በአገሪቱ ሕግ መለዋወጥ ብዙ ተፈትኗል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር፤ የአስተዳደር ወጪ ደግሞ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ታዘዘ። ለሺዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት አብዛኛውን ሠራተኛ ለማሰናበት ተገደደ። በዚያ ዘመን ከተረፉት ጥቂት መንገዶች አንዱ የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ገንዘቡ እንደ አገር ውስጥ ገቢ ይቆጠር ስለነበር በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ሊጠቀሙበት ቻሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሣ። ዛሬ አንድ አገር በቀል ማኅበር ከየትኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ አግኝቶ በሴቶች መብት ላይ መሥራት ይችላል። ግዴታውም ግልጽ ነው፦ የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሒሳቡን አስመርምሮ ዓመታዊ ሪፖርቱን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማቅረብ አለበት።

ለጋሾቹም የራሳቸው መለኪያ አላቸው። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባወጣው መለኪያ ለጋሾቹ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣሉ። የጾታ እኩልነት ዋና ዓላማው የሆነ ፕሮጀክት 2 ያገኛል፤ ዓላማው ሌላ ሆኖ እኩልነትን ሆነ ብሎ የሚያራምድ 1፤ ጉዳዩን የማያነሣ 0 ይያዝበታል። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ የሚያቋቁም ሥራ በመጀመሪያው ምድብ ይገባል። የምንጭ ውኃ የሚያጎለብት ፕሮጀክት ሴቶችን በውኃ ኮሚቴው አመራር ካስገባና ይህንንም ከለካ በሁለተኛው ሊገባ ይችላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ፖሊሲ ከሁለትዮሽ የልማት ዕርዳታዋ 95 በመቶው የጾታ እኩልነትን ዓላማ ያደረገ ወይም ያካተተ እንዲሆን ግብ ጣለች። የካናዳ ኤምባሲዎች በየአገሩ የሚያስተዳድሩት የአካባቢ ተነሳሽነት ፈንድ በአብዛኛው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የካናዳ ዶላር ለአገር በቀል ድርጅቶች የሚሰጥ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለትንሽ ማኅበር ግን ትልቅ ገንዘብ የመምራትን ልምድ የሚያስጀምር ነው።

ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ለውጥ ያመጣል ለሚለው ጥያቄ የአማራ ክልል ራሱ መልስ አለው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በሞሰቦ ቀበሌ የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን ልጃገረዶችን በሴት መሪዎች ሥር በቡድን አሰባሰበ፤ ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ወይም እንዲመለሱ ረዳ፤ ማኅበረሰቡን ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ አወያየ። ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ በግ ወይም ፍየል ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የማግባት ዕድሉ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር በአሥር እጥፍ ያህል ዝቅ አለ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ግን ጋብቻው አልቀነሰም። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደ ተከታይ ጥናት ድጋፎቹን ለየብቻ ሲፈትን ደብተር፣ እስክሪብቶና መሰል የትምህርት ቁሳቁስ ማቅረብ ብቻውን ትንንሾቹን ልጃገረዶች ከጋብቻ በእጅጉ እንደሚጠብቅ አሳየ። ከዚህ ሁለት ነገር ይጨበጣል። ውጤት የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለአንዱ ዕድሜ የሠራው ደግሞ ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል ያለ ልኬት የሚደረግ ሥራ በግምት የሚመራ ይሆናል።

ደሴና ኮምቦልቻ ይህን ጉዳይ ከሌሎች ከተሞች የበለጠ እንዲያነሡ የሚያስገድዱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነው። በጥቅምት 2014 ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር 27 ድረስም በዚያው ቆዩ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ በኮምቦልቻ የዕርዳታ እህል መጋዘኖችም ተዘረፉ። ሴቶች የጦርነቱን ጉዳት በሥጋቸውም በኑሯቸውም ተሸከሙ። የዓለም ባንክ አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር በሚያዝያ 2014 በጦርነት ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 300 ሚሊዮን ዶላር ሳይመለስ በድጋፍ መልክ አጸደቀ፤ አማራ ክልልም ከተካተቱት አንዱ ነው። የተጎዱ የአገልግሎት ተቋማትን መልሶ ከመገንባት ጋር፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ አገልግሎት የፕሮጀክቱ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ጥቃት የደረሰባት ሴት ወደ አገልግሎቱ የምትመጣው ምሥጢሯ እንደሚጠበቅ ስታምን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ከሪፖርት ቁጥር በፊት የሚቀድመው የባለሙያው ሥነ ምግባርና የመዝገቡ ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ነው። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ስቧል። ደመወዝ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ የሌሊት መንገድና በሥራ ቦታ የሚደርስ ትንኮሳ ያንን ነፃነት መልሰው ይበሉታል። አሜሪካ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎአ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ዱላው ቀድሞ ያረፈው በእነዚህ ሠራተኞች ላይ ነው። በኮምቦልቻ የሚነደፍ የእኩልነት ፕሮጀክት መኖሪያን፣ መጓጓዣንና የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓትን ከዘለለ የሠራተኛዋን ኑሮ አልነካም ማለት ነው።

የውጭው ገንዘብ ራሱ እየሳሳ ነው። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታዋን አገደች፤ የልማት ድርጅቷም ከሰኔ 24 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከፍተኛውን የአሜሪካ ዕርዳታ ስታገኝ የቆየች በመሆኗ ጉዳቱ በጤና ጣቢያውም በምግብ ማከፋፈያውም ታየ። ብሪታንያ ለዕርዳታ የምትመድበውን ከአገራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረችውን የሴቶችን እኩልነት መሠረት ያደረገ የውጭ ፖሊሲ በ2022 ትታዋለች። ከእንግዲህ የሚገኘው ድጋፍ ያንሳል፤ ፉክክሩ ይበረታል፤ የሒሳብ ጥያቄውም ይጠብቃል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከአገር ቤት በጀት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ መሥሪያ ቤቶች በጀት ሲያዘጋጁ የሥርዓተ ፆታን ጉዳይ እንዲያካትቱ ያዝዛል። ወረዳና ከተማ አስተዳደር ይህን መንፈስ ሲከተሉ የመንገድ መብራቱ የት እንደሚተከል፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ለሴት ተማሪዎች እንዴት እንደሚለይ፣ ገበያው ለትንንሽ ነጋዴ ሴቶች ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ በበጀት ውይይት ላይ ይነሣል። የውጭ ድጋፍ ሙከራ ሊያስጀምር፣ ባለሙያ ሊያሠለጥን፣ ማስረጃ ሊያስገኝ ይችላል። ሙከራው ሲሳካ የሚረከበው የወረዳው በጀት ካልሆነ የተጀመረው ሁሉ ከፕሮጀክቱ መኪና ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ ጥሩ ፕሮፖዛል አራት ነገሮችን አስቀድሞ ይመልሳል። ችግሩን ሴቶቹ ራሳቸው እንዴት ይገልጹታል? ለውጡ በምን ይለካል? ገንዘቡን ማን ያዝዝበታል፣ ማን ይመረምረዋል? ሲያበቃ ማን ይረከበዋል? ወሎ ለአራተኛው ጥያቄ የራሱ ተቋማት አሉት። ሐዘንተኛን የሚያጽናናው ቅሬ፣ ጠብን የሚያበርደው አበጋር፣ የሴቶች የቁጠባ ማኅበራት ከማንኛውም ፕሮጀክት በፊት ነበሩ፤ ከማንኛውም ፕሮጀክት በኋላም ይኖራሉ። የሴቶች ድምፅ በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ወሳኝ ሲሆን ለውጡ ባለቤት ያገኛል።

በዚህ ሥልጠና እያንዳንዱ ተሳታፊ በወረዳው ወይም በማኅበሩ ያለውን አንድ እውነተኛ ችግር ይዞ በአራቱ ጥያቄዎች እንዲፈትነው ይጠበቃል። በሐቅ የተነደፈ፣ በሐቅ የተያዘና ባለቤት ያለው ሥራ ገንዘብ ቢዘገይበት እንኳ አይሞትም። የዞኑና የከተሞቹ አመራሮችም የዚህን ሥልጠና ውጤት በቀጣዩ የበጀት ውይይት ላይ ቦታ እንዲሰጡት ጥሪ ይቀርባል። ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።