ቁልፉ የማን ነው?
(በአንድ የንባብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር)



"ሕንድ" ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ፊልሙና ዘፈኑ ነው። አባቴ ግን ሕንድን የሚያውቃት በሒሳብ መምህሩ ነው። በንጉሡ ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ከቆሙት ሕንዶች ብዙዎቹ ከደቡብ ሕንዷ ኬረላ የመጡ ነበሩ፤ ክርስቲያኖችም ነበሩባቸው። "እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ያስቀድሱ ነበር፤ ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ ማንም አልነገራቸውም" ይላል አባቴ። ምን ንገሩኝ ያስፈልገዋል? ባገራቸውም ልማዱ ያው ነው።

ኬረላ የሦስት ሃይማኖት አገር ነች። በ2011 ቆጠራ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ሂንዱው 55፣ ሙስሊሙ 27፣ ክርስቲያኑ 18 በመቶ ገደማ ነበር። ክርስቲያኖቹ "ወንጌልን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው፣ በ52 ዓ.ም." ይላሉ። ይህ ትውፊት ነው። የጽሑፍ ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ የመዳብ ሰሌዳ አለ። በ849 ግድም የኮላም ገዥ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መሬትና መብት የሰጠበት ሰነድ ነው። ምስክሮቹ የፈረሙት በምን ፊደል መሰላችሁ? በአረብኛ፣ በጥንቱ የፋርስ ፊደልና በዕብራይስጥ! ሙስሊሙም አይሁዱም ለክርስቲያኑ ርስት እማኝ ሆኑ ማለት ነው። እስከ ዛሬም ክርስቲያኗ ሙሽራ እንደ ሂንዱ ጎረቤቷ የጋብቻ ማተብ ይታሰርላታል፤ የሷው ላይ ትንሽ መስቀል አለበት እንጂ።

ታዲያ ጎረቤት ካልነካቸው ማን ነካቸው? መጀመሪያ ፖርቱጋሎች። በ1599 በዲያምፐር ጉባኤ ጠርተው ለሮም አስገበሯቸው፤ የሱርስት መጻሕፍታቸውንም አቃጠሉ። በሱስንዮስ ዘመን እኛም የቀመስናት ነች። በ1653 ሕዝቡ ማታንቼሪ ላይ ተሰብስቦ "ከእንግዲህ ለኢየሱሳውያን አንገዛም" ብሎ ማለ። ከነዚሁ ውስጥ ከፊሎቹ ፊታቸውን ወደ አንጾኪያው የሶርያ ፓትርያርክ አዞሩ።

ለዛሬው ጠብ ዘሩ የተዘራው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን "አባታችን የአንጾኪያው ነው" ይላል። ሌላው "ከ1912 ጀምሮ የራሳችን ካቶሊኮስ አለን" ባይ ነው። ቅዳሴው አንድ፣ እምነቱ አንድ፣ ዘመዳሞች ናቸው። ጳጳስ ከእስክንድርያ እስኪላክላት ስትጠብቅ ለኖረች፣ እስከ 2018 ድረስም "የአገር ቤት ሲኖዶስ፣ የስደት ሲኖዶስ" ስትባባል ለነበረች አገር ልጆች ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በ1958 ታርቀው ነበር። በጥር 1965 (በእኛ 1957) ንጉሡ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን አባቶች አዲስ አበባ ሲጠሩ የአንጾኪያው ፓትርያርክ ያዕቆብ 3ኛና የሕንዱ ካቶሊኮስ አውጌን 1ኛ ባንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ እርቁ ፈረሰ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ኖረ።

ሐምሌ 2017 ላይ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1000 የሚበልጡት አጥቢያዎች በሙሉ በ1934ቱ ደንብ ይተዳደሩ ብሎ ፈረደ። ለካቶሊኮሱ ወገን ፈረደ ማለት ነው። ችግሩ በብዙ አጥቢያ የሚበዛው ሕዝብ የፓትርያርኩ ወገን መሆኑ ነው። መስከረም 2019 ፒራቮም በተባለ ከተማ ፖሊስ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ምእመናኑን አስወጣ፤ የአውራጃው አስተዳዳሪም ቤተ ክርስቲያኑን ተረከበ። ሕጉ ሕግ ነው፣ አልከራከርም። ግን አያቱ የተቀበሩበትን ግቢ ፖሊስ የዘጋበት ሰው ምን ይበል?

ከሁሉ የከፋው ቀብሩ ነበር። የተረታው ወገን የረታው ወገን ቄስ እንዲፈታለት አይፈልግም፤ የረታው ወገን የሌላውን ቄስ አያስገባም። በዚህ መሐል አስከሬን ይሰነብታል! በ2019 በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከአንድ ወር በላይ ሳይቀበሩ ቆይተዋል። እኛ አገር የሰፈሩ ዕድር ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱ።

መላ ያመጣው ማን መሰላችሁ? ኮሚኒስቶቹ! በጥር 2020 እነሱ የሚመሩት የኬረላ መንግሥት ማንም ሰው በቤተሰቡ የመቃብር ቦታ የመቀበር መብት አለው የሚል ድንጋጌ አወጣ። ጸሎቱን ቤተ ዘመዱ በመረጠው ቄስ ሌላ ቦታ ማድረስ ይቻላል። በደርግ ጊዜ የኖራችሁ ይህን ስትሰሙ ፈገግ ብትሉ አልፈርድም። የቤተ ክርስቲያኖቹ ቁልፍ ነገር ግን በዚህ አልተፈታም።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አባቴን "ለመሆኑ መምህርህ ከየትኛው ወገን ነበሩ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ" አለኝ። "የኛም ቄስ አልጠየቋቸው።"