ሆርሞንና ጤነኛ ጡት



ስለ ሴቶች ጡት በአደባባይ መናገር በአንዳንድ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ነገር ግን ጡትም እንደ ዓይንና እንደ ልብ ያለ የአካል ክፍል ነውና፣ ስለ ደኅንነቱ መነጋገር የሚያሳፍር አይደለም።

አንዲት ሴት ዕድሜዋ ወደ አምሳ ዓመት ሲጠጋ ታርጣለች። የእንቁላል ዕጢዎቿ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን የተባሉትን ሆርሞኖች ማመንጨት ስለሚያቆሙ፣ ሰውነቷ በድንገት ይግላል፤ ያልባታል፤ እንቅልፍም ይነሣታል። ይህን ለማስታገሥ የጐደለው ሆርሞን በመድኃኒት መልክ ይሰጣታል። ታዲያ ጤነኛው ጡት ይህን መድኃኒት እንዴት ያስተናግደው ይሆን?

ሆርሞን በደም የሚጓዝ መልእክት ነው፤ መልእክቱን የሚያነበው ግን «ተቀባይ» ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። በጤነኛ ጡት የወተት ቧንቧዎችን ከውስጥ ከሚያለብሱት ሕዋሳት መካከል የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። እነርሱም ራሳቸው እምብዛም አይራቡም፤ ትእዛዙን ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ፣ የሚራቡትም ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ነገሩ በየመሥሪያ ቤታችን ከምናየው አይርቅም፤ ደብዳቤውን የሚቀበለው አለቃው ሲሆን ሥራውን የሚሠራው ጸሐፊው ነው። በአብዛኛው የጡት ካንሰር ግን ይህ ሥርዐት ይፈርሳል፤ ተቀባይ ያለው ሕዋስ ራሱ መራባት ይጀምራል።

ሆርሞን የተቀባዮቹንም ብዛት ይለውጣል። ኤስትሮጅን የፕሮጄስቴሮን ተቀባይ እንዲሠራ ያደርጋል። በወር አበባ ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ፣ እንዲሁም የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ዘንድ፣ የኤስትሮጅን ተቀባዮች ይቀንሳሉ። ታዲያ ተቀባዩ ከቀነሰ አደጋውም ቀነሰ ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው፤ የጡት ሕዋሳት አብልጠው የሚራቡት ፕሮጄስቴሮን በሚበዛበት በዚያው በሁለተኛው አጋማሽ ነውና።

ይህም በአሜሪካ በተደረገ ታላቅ ምርመራ ተገልጧል። ማኅፀናቸው ያልወጣ 16,608 ያረጡ ሴቶች ተመዝግበው፣ ለከፊሎቹ ኤስትሮጅን ፕሮጄስቴሮንን ከሚመስል መድኃኒት ጋር፣ ለቀሩትም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ተሰጣቸው። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ምርመራው ከቀኑ በፊት ተቋረጠ። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል የጡት ካንሰር ያገኛቸው ጣምራውን ከወሰዱት 38፣ ካልወሰዱት 30 ነበሩና። ማኅፀናቸው በወጣላቸውና ኤስትሮጅንን ብቻ በወሰዱት ሴቶች ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶች ባንድነት ሲመዘኑ ለኤስትሮጅን ብቻም ጥቂት ጭማሪ ተገኝቶበታል፤ የጣምራው ግን እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ ሁለተኛው መድኃኒት ለምን ይጨመራል? ኤስትሮጅን ብቻውን የማኅፀንን ሽፋን ከልክ በላይ አፋፍቶ ወደ ካንሰር ሊያደርሰው ስለሚችል ነው። ማኅፀንን የሚጠብቀው ያው መድኃኒት ጡትን አይጠብቅም። ስለዚህ ማኅፀኗ ያለና ማኅፀኗ የወጣ ሴት፣ ሕመማቸው አንድ ቢሆንም፣ ከሐኪም የሚታዘዝላቸው አንድ አይሆንም፤ የጎረቤትን እንክብል ተበድሮ መዋጥም ከዚህ የተነሣ ክፉ ልማድ ነው። የጡት ካንሰር ታማ ለዳነች ሴት ደግሞ ይህ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም።