ሩጫውና መዝገቡ



ካናዳዊው ወጣት ቴሪ ፎክስ አንድ እግሩን በአጥንት ካንሰር ካጣ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ እግር ለ143 ቀናት ሮጦ 5373 ኪሎ ሜትር አቋረጠ፤ ዓላማው ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። በአገራችንም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ጭምር ይሮጣል። ስለዚህ ለአንጎል ካንሰር ምርምር ማራቶን መሮጥ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይሆንም።

ጥያቄው ገንዘቡ ከምን ይጀምር የሚለው ነው። ምርምር የሚነሣው ሕመምተኛውን ከመቍጠር ነው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚቈጥረው የከተማዪቱን ነዋሪ ነው። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና ደጋ፣ ራስ ምታት የጠናበት፣ በማለዳ የሚያስመልሰው፣ ውሎ አድሮም የሚጥለው ገበሬ አስቀድሞ በጠበል ወይም በዱዓ መፍትሔ ይሻል። በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ደርሶ ራሱ በምርመራ ምስል ካልታየ፣ ዕጢው ስም ሳያገኝ አብሮት ይቀበራል። ያልተቈጠረ ሕመም ደግሞ ተመራማሪ አይኖረውም።

ስለሆነም ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩ ሩጫ የሚገኘው የመጀመሪያው ብር ለመዝገብና ለመዝጋቢ ይዋል እላለሁ።