የ147 ዶላሩ ክስ፦ ጀማሪ ጠበቃና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች

የተሰጠኝ ርዕስ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ለማገልገል ጀማሪ ጠበቃ ምን ዝግጅት እንደሚያስፈልገው እንድናገር ይጠይቃል። ወደዚያ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለረጅም ጊዜ ያጠናሁትን አንድ ክስ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ፤ የምሟገትለት ሐሳብ የሚወጣው ከዚያ ነውና። ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ጀማሪ ጠበቃ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ አገልግሎት፣ ባለጉዳዩ በእጁ ይዞት የመጣውን ትንሽ ጉዳይ ሳይንቅ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ችሎት ማድረስ ነው እላለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ራስል ብራያን የሚኒሶታ ቺፕዋ ነገድ አባል ነበር። ከባለቤቱ ከሄለን ጋር የሚኖረው ለነገዱ በተከለለው በሊች ሌክ ግዛት፣ የፌዴራሉ መንግሥት በነገዱ ስም በአደራ በያዘው መሬት ላይ ባቆሙት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። በጁን 1972 ከኢታስካ ካውንቲ የሒሳብ ሹም ማስታወቂያ ደረሰው። በቤቱ ላይ የተጣለው የንብረት ግብር 147 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው ይላል። ለዚያ ቤተሰብ ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ በክፍያ ለሚሠራ ጠበቃ ግን የማመልከቻ መጻፊያ እንኳ አይሆንም። ጉዳዩን የተቀበለው በዚያው በሊች ሌክ ለድሆች በነጻ የሚሟገት የሕግ አገልግሎት ቢሮ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጡ ብዙም ያልቆዩ ጠበቆች የሚሠሩበት ቢሮ ነበር።

አሁን ማስታወቂያውን በጠበቃ ዓይን እንየው። ካውንቲው ይህን ግብር የመጣል ሥልጣን ከየት አገኘ? ያመለከተው በ1953 የወጣውን የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ ሚኒሶታን ጨምሮ ለጥቂት ክፍለ ግዛቶች በነገዶቹ መሬት ላይ በወንጀልና በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የዳኝነት ሥልጣን ሰጥቷል። ካውንቲው «ፍትሐ ብሔር ካለ ግብርም አለበት» አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀበለው፤ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው ከፍሎ ይገላገላል። ጠበቆቹ ግን ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። በጁን 1976 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለብራያን ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ብሬናን ነበሩ። ሕጉ የታሰበው የግለሰቦች ክርክር በክፍለ ግዛት ችሎት እንዲታይ ነው፤ ግብር የመጣልና የመቆጣጠር ሥልጣን ለመስጠት ቢፈለግ ኖሮ የአሜሪካ ምክር ቤት በግልጽ በተናገረ ነበር፤ አሻሚ የሆነ ሕግም ለነባር ሕዝቦች በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል አሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ፦ የተሰረዘው 147 ዶላር ብቻ አይደለም። ክፍለ ግዛቶች በሕጉ ስም የነገዶቹን መሬት በደንብና በፈቃድ ሊገዙ አይችሉም የሚል መርህ ቆመ። የፍሎሪዳ ሴሚኖሎች የቢንጎ አዳራሻቸውን ለማዘጋት የመጣባቸውን ባለሥልጣን በ1981 የረቱት በዚሁ መርህ ነው። በ1987 ሁለት የካሊፎርኒያ ነገዶች በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሸነፉትም በእሱ ተደግፈው ነው። በዓመቱ የነገዶችን የቁማር ሥራ የሚመራ የፌዴራል ሕግ ወጣ። ዛሬ ዘርፉ በዓመት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። ገቢው ለሁሉም ነገድ እኩል አልደረሰም፤ ከከተማ የራቁት ብዙዎቹ ዛሬም ድሆች ናቸው። የደረሳቸው ግን ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሠርተውበታል፤ የራሳቸውንም ፍርድ ቤት አቋቁመውበታል።

«ይህ ዕድል ነው፤ ከሺህ ትንንሽ ጉዳይ አንዱ ቢሠምር ለሌላው ማስረጃ አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ውጤቱን ማንም አስቀድሞ አላየውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በ1973 የተወሰነውን የሮዛሊንድ ማክላናሃንን ጉዳይ ተመልከቱ። የናቫሆ ነገድ አባል ናት፤ ገቢዋን የምታገኘው በናቫሆ ግዛት ውስጥ ነው፤ አሪዞና ከደመወዟ 16 ዶላር ከ20 ሳንቲም ግብር ቆረጠባት። እሷም በነጻ የሕግ አገልግሎት ጠበቆች ተሟግታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ረታች። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ነገድ፣ አንድ ዓይነት ውጤት። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ «ማን ያዝዛል?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ በደረሰኝ፣ በደመወዝ ወረቀት፣ በትራፊክ ቅጣት መልክ ይመጣል። የገንዘቡ ማነስ የጥያቄውን ክብደት አይቀንሰውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ድሃ ማኅበረሰብ የጀማሪ መለማመጃ መሆን የለበትም፤ ልምድ ያለው ጠበቃ ይገባዋል» ይላል። እውነት ነው፣ ይገባዋል። ነገር ግን ልምድ ብቻውን ምን እንዳስገኘ የላኮታ ነገዶች ጉዳይ ያሳያል። በ1868 ውል የተረጋገጠላቸውን የጥቁር ኮረብታዎች መሬት መንግሥት በ1877 ወሰደባቸው። አንቱ የተባሉ የዋሽንግተን ጠበቆች በ1946 በወጣው የካሳ ሕግ መሠረት ለአሥርት ዓመታት ተከራከሩ፤ ሕጉ ግን የሚከፍለው ገንዘብ እንጂ የሚመልሰው መሬት የለም። በ1980 ከነወለዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። ጠበቆቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ክፍያ ተወሰነላቸው። ላኮታዎቹ «መሬታችን አይሸጥም» ብለው ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልነኩትም። የጠበቆቹ ችሎታ አያጠያይቅም፤ ያሸነፉት ክስ ግን ባለቤቶቹ የሚፈልጉትን አልያዘም።

የጀማሪው አደጋ ሌላ ነው፤ እሱንም አልሸሽግም። ዲኤንኤ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የናቫሆ የሕግ አገልግሎት በ1967 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ቴድ ሚቼል የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። በኦገስት 1968 ስለ አዲሱ የነባር ሕዝቦች የዜግነት መብቶች ሕግ ስብሰባ ተጠራ። ወይዘሮ አኒ ዋውኔካ ሕጉ ነገዱ የማይፈልገውን ሰው ከግዛቱ እንዳያስወጣ ይከለክል እንደሆነ ጠየቁ። ዋውኔካ ተራ ሰው አልነበሩም፤ ከ1951 ጀምሮ የነገዱ ምክር ቤት አባል፣ የሳንባ ነቀርሳን ለማጥፋት የታገሉ፣ በ1963 የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳይ የተሸለሙ እናት ናቸው። በንግግሩ መካከል ሳቅ ሆነ፤ ሚቼልም ሳቀ። ዋውኔካ ንቀት አድርገው ቆጠሩት፤ በማግስቱ መቱት፤ የምክር ቤቱ አማካሪ ኮሚቴም ከግዛቱ አባረረው። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1969 እገዳውን ሻረለት። ሆኖም በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ በዚያ ሕግ ነገዶችን በፌዴራል ችሎት መክሰስ ከእስር አቤቱታ በቀር አይቻልም ብሎ ወሰነ። ሚቼልን የመለሰው በር ተዘጋ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ የሚሠራ ጠበቃ መቆሚያው የሕዝቡ አመኔታ ነው። በሽማግሌ ፊት መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅም ከሥራው ክፍል ይቆጠራል።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ የተጠየቅኩትን ዝግጅት በአጭሩ ልንገር። የነባር ሕዝቦችን ሕግ በትምህርት ቤት ሳላችሁ ውሰዱ፤ ኒው ሜክሲኮ በአንድ ወቅት በጠበቃነት ፈተናው ውስጥ አካትቶት ነበር። ናቫሆዎች የራሳቸው ፍርድ ቤትና የራሳቸው የጠበቃነት ፈተና አላቸው፤ የክፍለ ግዛት ፈቃድ ብቻውን እዚያ አያሟግትም። ከነባር ሕዝቦቹ የወጡ ጠበቆችም ዛሬ ብዙ ናቸውና ከእነሱ ሥር መሥራትን አትጥሉ፤ በ1970 የተቋቋመውን የነባር አሜሪካውያን የመብት ፈንድ ለረጅም ዓመታት የመራው ጆን ኤኮሃውክ ራሱ የፓውኒ ነገድ አባል ነው።

ወደ አገር ቤት የምትመለሱም አላችሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ያንን አንቀጽ ይዞ አፋር፣ ቦረና ወይም ደቡብ ኦሞ ተቀምጦ የሰዉን ወረቀት ተቀብሎ የሚያነብ ጠበቃ ያስፈልጋል። የሥራ ዘመናችሁን የመጀመሪያ ዓመታት እዚያ እንድትሰጡ እጠይቃችኋለሁ።