ከሶባ የጠፋው ዜማና የልደት ዝማሬ ቀረጻ

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ነጭ ዓባይን ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በምሥራቅ ዳርቻው የምትገኘው ሶባ፣ ዛሬ የካርቱም አካል ብትሆንም በመካከለኛው ዘመን አልዋ የተባለው የኖባ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግብፅ ተልኮ ወደ ኖባ የዘለቀው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ፣ ከተማዋ ያማሩ ሕንጻዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች እንደነበሯት፣ የሕዝቡም መጻሕፍት በጽርዕ፣ ማለትም በግሪክኛ፣ ተጽፈው ወደ አገሩ ልሳን ይተረጐሙ እንደነበር መዝግቧል። ከዚያ ሁሉ የቀረው ጡብ ነው፤ እሱም ቢሆን ካርቱም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስትቆረቆር እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ቤቶች ስለ ዋለ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ሺኒ፣ ኋላም ዴሬክ ዌልስቢ ሲቆፍሩ ያገኙት በአብዛኛው መሠረቱን ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በልደት ዋዜማ በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ይሰማ የነበረውን ድምፅ ግን ቁፋሮ አያወጣውም።

ሥዕሉ እንኳ ከዜማው የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ከሶባ በስተ ሰሜን ርቃ በምትገኘው በሌላዋ የኖባ ከተማ በፋራስ፣ የአስዋን ግድብ ውኃ ስፍራውን ሳይውጠው፣ የፖላንድ ሊቃውንት ከ1961 እስከ 1964 ከካቴድራሉ ግድግዳ ላይ ከ100 በላይ ሥዕሎች አግኝተዋል። ካርቱም ከደረሱት አንዱ የልደት ሥዕል ሲሆን፣ እመቤታችን በመካከል ጋደም ብላ፣ ሰብአ ሰገል በፈረስ ተቀምጠው፣ እረኞቹም ስማቸው ሳይቀር ተጽፎላቸው ይታያሉ። የእረኞቹ ስም ተርፎ ዝማሬያቸው አለመትረፉ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

የዚህ ጥፋት ምክንያት በአንድ የዐይን ምስክር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስድስት የኖባ ሰዎች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር መጥተው ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው እንደ ለመኑ፣ ንጉሡም እርሱ ራሱ ጳጳሱን ከእስክንድርያ እንደሚያስመጣ በመግለጽ ሊሰጣቸው እንዳልቻለ ጽፏል። አንድ ሶርያዊም በዚያች አገር ግድግዳቸው ሥዕል ያለባቸው 150 አብያተ ክርስቲያናት ማየቱን ለአልቫሬዝ ነግሮታል። እንግዲህ ሕንጻው ቆሞ፣ ሥዕሉም ሳይደበዝዝ፣ የጎደለው የሚያስተምርና የሚያዜም ሰው ነበር፤ የመልእክተኞቹም ልመና በመሠረቱ የድምፅ ልመና ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያው አደጋ በኢትዮጵያ ላይ መጣ። በግራኝ አህመድ ዘመን በተደረገው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ ሊቃውንትም ሲያልቁ፣ በልብ የተያዘው ዜማ ከሰዎቹ ጋር ሊቀበር ነበር። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ድርሰት፣ በተለይም የዓመቱን በዓላት ዝማሬ ለያዘው ድጓ፣ ምልክት አበጁለት። ምልክት ማለት ከፊደሉ በላይ በትናንሹ የሚጻፍ የዜማ መምሪያ ነው፤ ርክርክ የተባለው በተደረደሩ ነጥቦች ድምፁ እንዲንቀጠቀጥ፣ ድፋት የተባለው እንደ ተደፋ ቅል በጎበጠ መስመር ድምፁ ዝቅ እንዲል ያዝዛል፤ ሥረይ የሚባሉት ፊደላት ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ዜማ ያስታውሱታል። ነገር ግን ማስታወስ ለሚያውቅ ሰው ነው። ምልክቱን ብቻ ያየ ሰው አያዜምም፤ በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው።

በልብ ከመያዝና በምልክት ከመጻፍ ቀጥሎ ዜማን ለማቆየት ሦስተኛው መንገድ የድምፅ ቀረጻ ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፈሪ ከ1993 እስከ 1997 በ3 ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ መድብል ድምፁን ከምልክቱ ጋር አጣምሮ አቅርቧል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንም በካሴት፣ ኋላም በሲዲ የልደት ዝማሬዎችን ሲያወጡ ኖረዋል። እንደ ካርቱም ባሉ ከተሞች በስደት ለኖረ ምእመን እንዲህ ያለው አልበም፣ ማለትም በአንድነት የተሰባሰበ የዝማሬ ቅጂ፣ የአገር ቤቱን ገና እስከ ቤቱ ያደርስለታል። ይህ ውለታ ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ቀረጻ የሚቆርጠው ነገር አለ። የልደት ማኅሌት፣ ካህናት ቆመው የሚያድሩበት የምስጋና ሥርዓት፣ አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ አይጨርሰውም፤ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፣ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዘ ይደገማል፣ ከዚያም በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ገብተውበት በዝግታ ይጀምርና በመጨረሻ በጽፋት፣ በጭብጨባ፣ ይፋጠናል። ፍጥነቱ ደስ የሚያሰኘው ዝግታው ስለ ቀደመው ነው። አምስት ደቂቃ የሚያህለው ጽፋት ብቻ ተቆርጦ በአልበም ሲገባ አድማጩ ፍሬውን ያለ ዛፉ ይቀበላል፤ ስለዚህ ጥቂት ዝማሬዎችን በሙሉ እርከናቸው መቅረጽ፣ በሽፋኑም ላይ ዜማው የቤተልሔም ይሁን የቆማ ወይም የሌላ የዜማ ቤት መሆኑን መጻፍ፣ ብዙ ቁርጥራጭ ከማብዛት እጅግ ይበልጣል።

በላሊበላ ታኅሣሥ 29 የሚዜመው ቤዛ ኩሉ ይህን ችግር ከሁሉ ይልቅ ያጎላዋል። ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ የቤተ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በከበበው ዐለት አፋፍ ላይ በመላእክት ምሳሌ፣ እኩሌቶቹ ከታች በአፀዱ ውስጥ በሰው ልጆች ምሳሌ ይቆማሉ፤ የላዩ ወገን ሲያሰማ የታችኛው ይቀበላል። ማይክሮፎኑ ከአንደኛው ወገን አፍ ሥር ሲደቀን ሁለቱ ድምፆች አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ፣ ሰማይና ምድርም በቅጂው ውስጥ ይጠፋሉ። አንደኛው ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ በሁለት ማይክሮፎን ሲቀረጽ ግን፣ ካርቱም ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው እንኳ፣ የላዩ ድምፅ ካበቃ በኋላ የታችኛው እስኪቀበል ድረስ ዐለቱ መካከል የሚያልፈውን ትንፋሽ ይሰማል።