አርባ ስምንቱ ሰዓት

ውድ የሕግ ተመራቂዎች፣

ስለ ሰብዓዊ መብት ምንነት ላስተምራችሁ አልመጣሁም። አንቀጾቹን በቃላችሁ ታውቃላችሁ። በጥብቅና ዘመኔ ሁሉ እረፍት የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሕጉ እያለ መብቱ ለምን ይጣሳል?

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን ድንጋጌ ብዙ ሰው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ይህንኑ ብሏል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ደግሞታል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ፣ ድጋፋቸውን ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ስምንት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካም ከነዚሁ ነበረች። ተቃውሞ የሰጠ ግን አንድም አልነበረም።

ልብ በሉ፣ አፓርታይድ እንኳ እጁን አውጥቶ «እቃወማለሁ» ማለት አልደፈረም። የሰው ልጅ መብት የለውም ብሎ በአደባባይ የሚከራከር ሰው እኔም አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ ሁሉ «መብት አለ፤ ይሄኛው ሰው ግን ይለያል» የሚል ነው። የምታውቁትን ጥሰት ሁሉ አንድ በአንድ ብትመረምሩት ከሥሩ ይህን አነጋገር ታገኙታላችሁ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከርቸሌ ውስጥ 60 ሰዎች በደርግ ትእዛዝ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ምስክር አልተሰማባቸውም። ከመካከላቸው አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ። ያኔ «መኳንንቱ ይገባቸዋል» ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የተማረውም ጭምር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው በር ለወጣቱ ተከፈተ። በቀይ ሽብር ጊዜ እናቶች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ይባሉ ነበር። ስንቅ ይዛ የሄደች እህት ከበሩ ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» ስትባል የወንድሟን ሞት የምትረዳው በዚያው ነበር።

በኋላ የደርግን ባለሥልጣናት የከሰሰው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ የደርግ የራሱ ወረቀቶች ነበሩ። ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ቀን ተጽፎባቸዋል፣ ለሚመለከታቸው በግልባጭ ተልከዋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ያንን ወረቀት በጽሕፈት መኪና የጻፈ ሰው አለ፤ ማኅተም የመታበት፣ ወጪ አድርጎ መዝገብ ቤት ያስቀመጠው ሰው አለ። ብዙዎቹ ሥራቸውን በሥርዓቱ የሚሠሩ፣ ማታ ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ ሰዎች ነበሩ ብዬ አምናለሁ። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ የምትፈርሙ፣ ማኅተም የምትመቱ ሰዎች ትሆናላችሁና ነው ይህን የማነሳው።

የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ተራቸው ሲደርስ ክስ ተነቦላቸዋል፤ አቅም ላነሳቸው ተከላካይ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ ቆሞላቸዋል። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በ1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሚያኮራ አይደለም፤ ለተጎጂ ቤተሰብም ለታሳሪም ከባድ ነበር። ቢሆንም ለስልሳዎቹ የተነፈገው መሰማት ላስገደሏቸው ሰዎች መሰጠቱ ትክክል ነበር። ይህን የምለው የሟቾቹን ቤተሰቦች ሐዘን ረስቼ አይደለም።

አሁን ወደምትገቡበት ችሎት ልምጣ። ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ጠዋት ብትቀመጡ የምትሰሙትን ልንገራችሁ። መርማሪው ይነሳል፤ «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ግብረ አበር ለመያዝ፣ የምስክር ቃል ለመቀበል 14 ቀን ይሰጠኝ» ይላል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንዱን ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አልወሰነም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው ዐረፍተ ነገር ይመለሳል። አስሮ ማስረጃ መፈለግ፣ ማስረጃ ይዞ ከማሰር ይቀላል። ባለሙያና መሣሪያ የጎደለው መርማሪ፣ ስልክ የሚፈራ ዳኛ፣ ሰዓቱ የደረሰበት ጠበቃ ባሉበት መብት የሚጣለው ያለ አንዳች ጩኸት ነው። ዳኛው «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራህ?» ብሎ ሲጠይቅ መርማሪው ወረቀቱን የሚያገላብጥበት ጊዜ ግን አለ። ያን ጥያቄ የሚጠይቁ ዳኞችን አውቃለሁ፤ ዕድገታቸው የዘገየባቸውም አሉ።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተደጋግሞ ታውጇል። በብዙዎቹ አዋጆች ጊዜ 48 ሰዓቱ ለወራት ቆሟል። ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ግን በአዋጅም አይነካም፤ ይህን ለፖሊስ ጣቢያ አዛዥ በትሕትና የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ።

የመብት ሁለንተናዊነት የሚፈተነው ደግሞ በቤታችን ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት ላይ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ስለቀማት እህታችን ስንሰማ ደማችን ይፈላል፤ ተገቢም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እዚሁ እኛ ቤት ምግብ የምታበስለውን ልጅ ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል። የዕረፍት ቀኗ በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። ዛሬ ማታ የምረቃ ድግሱን የምታሰናዳው እሷ ናት፤ እባካችሁ ይህን ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

መብት የሚጣስበት ሌላው ምክንያት የጣሰው ሰው ምንም ስለማይሆን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በሥራ ዘመኔ በዚህ አንቀጽ የተከሰሰ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ዐቃቤ ሕግ የምትሆኑ ልጆች፣ አንቀጹ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ ክሱን የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል።

ጠበቃ የምትሆኑ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዘው የተሰለፉ እናቶችን ታገኛላችሁ። ወጡን ቀመስ አድርገው ካላሳዩ አይገባላቸውም። አንዷ «እዚህ የለም ይሉኛል፤ ትናንት ግን ጋቢውን ተቀብለውኛል» ትላችኋለች። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 አካልን ነፃ ለማውጣት ለሚቀርብ አቤቱታ በር ይከፍትላታል፤ በታሳሪው ፈንታ ሌላ ሰው ቃለ መሐላ ሊያቀርብ ይችላል። ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ገንዘብ አትጠይቋት። ጋቢውን ማን እንደተቀበላት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉላትና በዚያው ቀን መዝገብ አስከፍቱ።