የሚመልሰው ውሃ



እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1998 በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ሊንተን በተባለች ከተማ አጠገብ ነፋሱ በድንገት አቅጣጫውን ለወጠ። ውሃ ሊቀዳ ይጓዝ የነበረ አንድ የእሳት አደጋ መኪና በነበልባል ተከበበ፤ የአምስት በጎ ፈቃደኞችም ሕይወት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹ ለራሳቸው መከላከያ የሚሆን ውሃ ከታንከሩ እንዲያስቀሩ ተደነገገ፤ በመኪኖቹም ላይ ሰዎቹን የሚጋርድ የውሃ መርጫ ተገጠመ።

የዓለም ሙቀት በጨመረ ቍጥር ደኑ ይደርቃል፤ የቃጠሎውም ወቅት ይረዝማል። ስለዚህ መኪና መጨመር ግድ ነው። ይሁን እንጂ የውሃ መቅጃ ቦታ፣ መውጫ መንገድና የሠለጠነ ሠራተኛ አብረው ካልታቀዱ፣ የመኪናው መብዛት ለአደጋ የሚጋለጠውን ሰው ከማብዛት አያልፍም። መሐንዲሱ የመኪናውን ዝርዝር ሲያዘጋጅ በቅድሚያ ሊያሰላው የሚገባው፣ እሳቱን ከሚያጠፋው ውሃ በፊት፣ ሰዎቹን ወደ ቤታቸው የሚመልሰውን ውሃ ነው።